ሩር የተመታባቸው መስኮች፦ የአጥቢያዎች የገና ግጥሚያ በብቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ታኅሣሥ ሲጋመስ የገበሬው ኑሮ መልኩን ይለውጣል። ዝናሙ ካባራ ሰንብቷል፤ ጅረቱ ጎድሏል፤ የጤፉ አጨዳ ወደ መገባደዱ ሲቃረብ ክምሩ በየአውድማው ዳር ይቆማል። ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ይሰማራል፤ ክረምቱን ረግረግ ሆኖ የከረመው የግጦሽ መስክም ደርቆ እግር የሚችል ይሆናል። ቀድሞ አውራጃ በነበሩት በብቸናና በሞጣ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ከተሰቀለበት የሚያወርደው በዚህ ወቅት ነበር። የገና ግጥሚያ ደረሰ ማለት ነው።

ገና የበዓሉም የጨዋታውም ስም ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ስለ ጨዋታው አመጣጥ ሕዝቡ ከአባት ለልጅ ሲያወርስ የኖረው ትውፊት፣ የልደቱን ዜና የሰሙ ዕረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ የሚል ነው። መሣሪያው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ወይም በእሳት ተለብልቦ የተቆለመመ ጠንካራ ዱላ ይይዛል። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። ሁለት ወገኖች በመስኩ መካከል ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ወገን ሩሯን እየመታና እየገፋ ወደ ተቃራኒው ዳርቻ ለማሻገር ይታገላል። ያሻገረ አሸነፈ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ጨዋታ የዕለት ፈንጠዝያ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዛሬ «ሊግ» በሚል ስም የሚጠራው የውድድር ሥርዓት የሚቆመው በአራት ነገሮች ላይ ነው፦ በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ወገን፣ በታወቀ ሜዳ እና በታወቀ ሕግ። የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ጸሐፊና መዝገብ፣ ማኅተምና ዋንጫ አልነበረውም እንጂ አራቱንም አሟልቶ ይዞ ነበር። እነዚህን አንድ በአንድ መመርመር፣ በኋላ የተቋረጠው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የውድድሩን ወራት የወሰኑት የእርሻ ሥራና የቤተ ክርስቲያን ድግግሞሽ ያላቸው በዓላት ናቸው። ከበዓሉ አስቀድሞ ዕረኞች በየመስኩ እጃቸውን ያፍታታሉ፤ የበዓሉ ዕለት ከቅዳሴውና ከድግሱ በኋላ ጎልማሳው ይወጣል፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ የታቦታቱ ጉዞና የፈረሰኛው ጉግስ የሕዝቡን ዓይን ይወስዳል፤ የገና ዱላም ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ የአዝመራው መሰብሰብ መክፈቻው፣ ጥምቀት መዝጊያው ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ሳያውጅ ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ወገን ነው። ወገኑ የሚለየው በመንደር፣ በላይ ቤትና በታች ቤት ሊሆን ይችል ነበር፤ ትልቁ ግጥሚያ ግን አጥቢያ ከአጥቢያ የሚያደርገው ነው። አጥቢያ በጎጃም የጸሎት ክልል ብቻ አልነበረም። ሰው ርስቱን የሚቆጥረው፣ ሰንበቴውን የሚጠጣው፣ ሙቱን የሚቀብረውና ሽማግሌውን የሚያስቀምጠው በአጥቢያው ነው። የሞጣ ከተማ ራሷ ያደገችው በ18ኛው ምእተ ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ባሳነጿት በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ነው። በብቸናም ወገን ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በቅኔ ትምህርታቸው የታወቁ አድባራት ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የብቸናና የሞጣ ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብሩን አዋጅና የመሬት መለካትን ሥጋት ተቃውመው ሲነሡ የጠበቁት ይህንኑ በዘርና በደብር የተሳሰረ የርስት ሥርዓት ነበር። ስለዚህ በገና ዕለት ከመስኩ ሁለት ዳርቻ የሚሰለፉት ሰዎች ለአንድ ቀን የተቧደኑ ተጫዋቾች ሳይሆኑ ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ናቸው።

ነገር ግን እነዚህ ማኅበረሰቦች የተጠላለፉ ነበሩ። ጋብቻው አጥቢያን ስለሚሻገር አማች ከአማቹ፣ የእኅት ልጅ ከአጎቱ ጋር ይገጥማል። ገበያው አንድ፣ የከብቱ ውኃ አንድ፣ አንዳንዴም የግጦሹ መስክ የጋራ ነው። ዓመቱን ሙሉ በድንበር፣ በውኃና በግጦሽ ሲጎነታተሉ የከረሙ ጎረቤቶች በዚያ ዕለት በዱላ ይገናኛሉ፤ ሆኖም የሚመታው ሩሩ ነው። ይህ ግጥሚያ ቂም የሚገለጥበትም ቂም የሚተነፍስበትም መድረክ ነበር።

ሦስተኛው ሜዳ ነው። የኖራ መስመር አልተሰመረበትም፤ ርዝመቱና ስፋቱ አልተለካም። ዳርቻውን የሚያመለክቱት ጅረት፣ ብቸኛ ዋርካ፣ የደብር ቅጥር ወይም የገደል አፋፍ ናቸው። ሜዳው የጋራ መስክ እንዲሆን ግድ ነበር፤ የግል ማሳ ሆኖ ቢታረስ ጨዋታው ቦታ ያጣልና። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ጨዋታው መዳከም ሲነሣ ተመልሶ ይመጣል።

አራተኛው ሕግ ነው። የተጻፈ ደንብ የለም፤ ዳኛ የሚሆኑት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ናቸው። ከደንቦቹ ሁሉ የበላዩና በመላው አገር የታወቀው ግን፣ በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ላይ አይቆጣም የሚለው ልማድ ነው። ማዕረግ ለዚያ ዕለት ይታገዳል። ባለርስቱና ጭሰኛው፣ አለቃውና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ፤ የታናሹ ዱላ የታላቁን ቅልጥም ቢያገኘው ነገሩ በዚያው በመስኩ ይቀራል። ደም የመመለስ ልማድ በጠነከረበት አገር፣ የተሰበረ አጥንት ለቂም እንዳይሆን አስቀድሞ መስማማት ቀላል ነገር አይደለም። ማኅበረሰቡ ይህን ስምምነት ያለ ወረቀትና ያለ ፊርማ ዓመት ለዓመት ሲያድስ ኖሯል።

የዚህ ልማድ ክብደት ይበልጥ የሚታየው ከነበረው የኑሮ ሥርዓት ጋር ሲመዛዘን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላባትና ገበሬ ግንኙነት ሲስል፣ ፊታውራሪ መሸሻና በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች የተፋጠጡበትን ሁኔታ ያሳያል። ቃል መመለስ በሚያስቀጣበት እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ፣ በዓመት አንድ ቀን ያለ ፍርሃት የሚገፉበትና የሚናገሩበት መስክ መኖሩ ለገበሬው ትርጉሙ ከፍ ያለ ነበር። ይህ ነፃነት ግን አንድ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ የሚቆይ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ጌታ ጌታ፣ ሎሌም ሎሌ ነው። ጨዋታው ሥርዓቱን አልለወጠውም፤ ይልቁንም ዕድሜ ሰጥቶት ይሆናል ብሎ የሚከራከር ቢኖር ክርክሩ ከንቱ አይደለም።

ይህ ነፃነት በተለይ የሚሰማው በግጥሙ ነው። ያሸነፈው ወገን ዱላውን ከፍ አድርጎ እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጣል፤ ንፉጉን ባለጸጋ፣ ፈሪውን ፎካሪ፣ ድግሱ ያልሞላለትን አባወራ በስሙ ያነሣዋል። የተነሣው ሰው በሕጉ መሠረት ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ ብልህ ከሆነም ጠላ አስቀርቦ አፋቸውን ያስዘጋል። የቅኔ ቤት በየተራራው በሚገኝበት በዚህ አገር ግጥሙ ተራ ስድብ ሆኖ እንዲቀር ሕዝቡ አይፈቅድለትም። ከላይ ሙገሳ መስሎ ከሥር ነቀፋ የያዘ፣ ሰምና ወርቁ የተጠበቀ ግጥም የተናገረ ጎረምሳ፣ ሩሯን ካሻገረው እኩል ይወሳል። ለዚህም ነው የገና መስክ ለኪነ ጥበብ ታሪክም የሚገባ ቦታ ሆኖ የሚገኘው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማን ጻፈው? ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ወደ አገሩ መጥቶ ሲያጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ አበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች የሚናገር መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ የታሪኩ ባለቤት የሆነው የብቸናና የሞጣ ሕዝብ አያነበውም። በጎጃም አድባራት የሚገኙት ብራናዎች ደግሞ የመሬት ስጦታን፣ የነገሥታትን ዝክርና የቅዱሳንን ገድል ይዘዋል፤ የጎረምሳ ጨዋታ ለብራና የሚበቃ ነገር ተደርጎ አልተቆጠረም። ስለዚህ የግጥሚያው መዝገብ የሰው አእምሮ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ጨዋታ ከነመዝገቡ ወደ አገር ገባ። የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ከነፃነት መመለስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የሻምፒዮና ውድድርም የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን አሸናፊ ሆነ። በጥር 1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነትና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። እነዚህ ቀኖችና ቁጥሮች ዛሬም በእጅ ይገኛሉ። በ1936 ዓ.ም. ገና ዕለት ከብቸና መስኮች በአንዱ ላይ ሩሯን ያሻገረው አጥቢያ ስም ግን ካዩት ሰዎች ጋር ተቀብሯል። ልዩነቱ የአንዱ ጨዋታ መብለጥና የሌላው ማነስ አይደለም፤ አንዱ ጸሐፊ ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም።

የአጥቢያዎች ግጥሚያ በአንድ ቀን አልቆመም፤ የተሸከሙት ምሰሶዎች አንድ በአንድ ተነቀሉ እንጂ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት መጣ። ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ አጥቢያ የመጡ ልጆችን በአንድ ክፍል ያስቀምጣል፤ በአሥራ ሰባት አንቀጽ የተጻፈ ደንብ ያለውን እግር ኳስ ያስተምራል፤ ዱላ ይዞ መሮጥን ደግሞ ስለሚያደርሰው ጉዳት አይወድም። ልጁ ወገኑን በደብሩ መቁጠር ትቶ በክፍሉና በትምህርት ቤቱ መቁጠር ጀመረ። ቀጥሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በአዋጁ መሠረት ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን ክልል በገበሬ ማኅበር ተደራጀ። የርስት ሥርዓት ሲያከትም አጥቢያ የጸሎት ክልል ሆኖ ቀጠለ፤ የመሬት፣ የዳኝነትና የአስተዳደር ክልል መሆኑ ግን አበቃ። ጌታና ሎሌ የሚባል ነገር በሕግ ሲቀር፣ ጌታ የማይቆጣበት ቀንም የነበረው ልዩ ጣዕም ቀነሰ። በመጨረሻም ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ የጋራው መስክ ታረሰ። ሩር የተመታባቸው ብዙ መስኮች ዛሬ ጤፍ ይበቅልባቸዋል።

እነዚህ ለውጦች በጅምላ የሚወገዙ አይደሉም። ትምህርት ቤት የሌለበትን፣ ጭሰኛ ያለበትን ዘመን ለአንድ የገና ዕለት ሲባል መልሶ የሚመኝ የለም። የታሪክ ጥያቄው ሌላ ነው፤ የተለወጠው ነገር ሲለወጥ ምን ምን አብሮት ሄደ? የሚል ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን መመልከት ለዚህ መልስ ይረዳል። በአየርላንድ ከገና ጋር የሚመሳሰል፣ በጎባጣ ዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ሲመሠረት ለጨዋታው ደንብ ጻፈለት፤ ክለቦቹንም ያደራጀው በአጥቢያ ነበር። አጥቢያው ክለብ ስለሆነ ጨዋታውም አጥቢያውም አብረው ኖሩ። በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ሜልቦርን ላይ ደንቡ የተጻፈ ራሱን የቻለ የእግር ኳስ ዓይነት አለ። ስንዴ የሚያመርቱና ላም የሚያልቡ ትንንሽ ከተሞች በዚህ ጨዋታ የየአካባቢያቸውን ሊግ አቋቁመው ነበር። እርሻው በመኪና ሲታረስ የሰው እጅ አላስፈለገም፤ ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደ፤ ቡድኖቹ ተጫዋች እያጡ ተዋሐዱ፤ ብዙ የገጠር ሊጎችም ፈረሱ። ነገር ግን የፈረሰው ሊግ የአካባቢ ጋዜጣ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የቡድን ፎቶግራፍ ትቶ ስለሄደ የልጅ ልጅ የአያቱን ግብ ቆጥሮ ያገኛል። አየርላንድ ጨዋታውን ከነማኅበረሰቡ አዳነች፤ የአውስትራሊያ ገጠር ማኅበረሰቡን ቢያጣ መዝገቡን አስቀረ። የምሥራቅ ጎጃም የአጥቢያ ግጥሚያ ሁለቱንም እንዳያጣ ያሠጋል።

እርግጥ ነው፣ የገና ጨዋታ ራሱ አልሞተም። ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ገብቷል፤ ደንብ ተጽፎለታል፤ ሜዳው ተለክቷል፤ የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኗል፤ ፊሽካ የያዘ ዳኛም ቆሞለታል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም በውድድሩ ላይ የሚሰለፈው ተጫዋች የክልል ወይም የከተማ ወኪል ነው፤ ተቃራኒው አማቹ ወይም የድንበር ጎረቤቱ አይደለም። ግጥሚያው ሲያልቅ ወደየመጣበት ይሄዳል፤ በግጥም የሚሸነቁጠው ንፉግ፣ ጠላ የሚያስቀርብለት አባወራ የለም። ዱላው ድኗል፤ ሩሯም ድናለች፤ የቀረው የጎረቤታሞቹ መገናኘት ነው።

ለዚህ ነገር ከሞጣ በስተሰሜን ዓባይ ላይ ያለው ድልድይ ጥሩ ማመሳከሪያ ይሆናል። ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በ17ኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከቤጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ተቆረጠ። ሰዉ ግን መሻገሩን አልተወም። ከወዲህና ከወዲያ ቆመው ገመድ በሚስቡ ሰዎች ኃይል፣ በገደሉ ላይ እየተንጠለጠለ ገበያውንና ዘመዱን ሲጠይቅ ብዙ ዓመት አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አዲሱ ድልድይ መልኩ የፋሲልን ድልድይ አይመስልም፤ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው። ሕዝቡ ያስፈለገው መሻገሪያው ስለነበረ፣ ቅስቱ ሲሰበር በገመድ፣ ጥገናው ሲወሰድ በሌላ መላ ተገናኘ።

በገና ጨዋታ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መልኩ ተጠብቆ ሥራው ቀረ። ስለዚህ ስለ ገና የሚደረግ ጥናት የዱላውን ርዝመትና የሩሯን ክብደት በመለካት ብቻ ቢወሰን ድንጋዩን ቆጥሮ መሻገሪያውን እንደ መርሳት ይሆናል። ሊመዘገብ የሚገባው የትኛው አጥቢያ ከየትኛው ጋር ይገጥም እንደነበረ፣ መስኩ የት እንደነበረና ስሙ ማን እንደሚባል፣ ወገን እንዴት ይከፈል እንደነበረ፣ የተጎዳውን ማን ያስታምም፣ የተቀያየመውን ማን ያስታርቅ እንደነበረ፣ ከግጥሚያው በኋላም በማን ቤት ይበላ እንደነበረ ነው። ግጥሞቹም ከነተናጋሪያቸውና ከነተነገረባቸው ሰው ካልተያዙ ወርቃቸው ይጠፋል፤ ሰሙ ብቻ ይቀራል።

ይህን ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በየገጠሩ ትምህርት ቤት መምህር አለ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ተማሪ አለ፤ በተማሪው ቤት ደግሞ በወጣትነቱ ዱላ የያዘ አያት አለ። ተማሪው አያቱን ጠይቆ የሚጽፈው አንድ ገጽ፣ ከሌሎች ገጾች ጋር ሲቀመጥ ያልነበረው መዝገብ መሆን ይጀምራል። ሠዓሊው የመስኩን መልክ፣ ሙዚቀኛው የጭፈራውን ዜማ፣ የተውኔት ሰው ጌታና ሎሌ የተጋፉበትን ትዕይንት የሚያገኘው ከዚያ ነው። አጥቢያ ከአጥቢያ የሚገጥሙበትን ቀን እንደገና ለማቆም የሚፈልጉ ወጣቶች ቢነሡም መነሻቸው ይኸው ይሆናል።

ሆኖም ጊዜው ጠባብ ነው። አጥቢያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲገጥሙ ያዩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሎች ናቸው፤ አንዳቸው ባረፉ ቁጥር አንድ መስክ ስሙን ያጣል። ታኅሣሥ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ አዝመራው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌውም በበዓሉ ዕለት ከልጅ ልጆቹ መካከል ይቀመጣል። በዚያ ቀን ሩሯ ወደ የት እንደምትሻገር የሚጠይቀው ቢያገኝ፣ ጅረቱንና ዋርካውን በጣቱ ያሳያል።